«እንደ ድሮው አይደለም»፦ የድኅረ ኮቪድ-19 ትርጓሜ በዳውን ሲንድረም ሲፈተሽ

መግቢያ

የዓለም ጤና ድርጅት መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2021) ድኅረ ኮቪድ-19 ተብሎ ለሚጠራው ሕመም የክሊኒክ ትርጓሜ ይፋ ማድረጉ ይታወሳል። ሰነዱ ከአገር አገር፣ ከተመራማሪ ተመራማሪ ይለያይ የነበረውን አጠራርና አመዳደብ ወደ አንድ ያመጣ በመሆኑ በሕክምናው ዓለም ሰፊ ተቀባይነት አግኝቷል። ይሁን እንጂ አንድ የሕክምና ትርጓሜ የሚመዘነው በሚያቅፋቸው ሕሙማን ብቻ አይደለም። ሳያስበው ከደጅ በሚያስቀራቸው ሕሙማንም ጭምር ሊመዘን ይገባል።

ይህ ጽሑፍ ሰነዱን ዳውን ሲንድረም ካለባቸው ሰዎች አንጻር ይፈትሻል። የመፈተኛው ቦታ ደግሞ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የዳንጉር ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ማንቡክ ናት። ማንቡክ የተመረጠችው የተለየ ሕመም ስለታየባት አይደለም። ለዓለም ሁሉ ተብሎ የተጻፈ ትርጓሜ ከአባይ በስተሰሜን ባለ የቆላ ከተማ፣ የክልሉ ርእሰ ከተማ አሶሳ ከወንዙ ማዶ በሆነችበት፣ የወባ ትኩሳት የዘወትር ጉዳይ በሆነበትና ጉሙዝኛ፣ አማርኛ፣ አገውኛና ሺናሽኛ ጎን ለጎን በሚነገርበት አካባቢ ሥራ ላይ መዋል ካልቻለ ዓለም አቀፍነቱ በወረቀት ላይ ብቻ ስለሚቀር ነው።

ትርጓሜው ምን ይላል?

የሰነዱ ይዘት በአጭሩ ሲጠቃለል በአራት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው። አንደኛ፣ ሕሙሙ በኮቪድ-19 መያዙ በምርመራ የተረጋገጠ ወይም በበቂ ምክንያት የተገመተ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ ከሦስት ወር በኋላ የሚታዩና ቢያንስ ለሁለት ወር የሚቆዩ ናቸው። ሦስተኛ፣ ምልክቶቹ በሌላ በሽታ ሊብራሩ የማይችሉ መሆን ይኖርባቸዋል። አራተኛ፣ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠርና የአስተሳሰብ መታወክ ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ሲሆኑ በአጠቃላይ የዕለት ተዕለት ኑሮን የሚያሰናክሉ ናቸው።

ለሰነዱ ሊነፈገው የማይገባ ምስጋና አለ። የተዘጋጀው ሕሙማን ራሳቸው፣ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች በተሳተፉበት የምክክር ሂደት ነው። ምልክቶች ሊመላለሱና ሊለዋወጡ እንደሚችሉም አምኗል። ከሁሉም በላይ፣ ከሆስፒታል የወጣ ሁሉ ዳነ ማለት እንዳልሆነ ለጤና ሥርዓቶች በይፋ አስታውቋል። ለዚህ ዕውቅና መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ አንጀሎ ካርፊና ባልደረቦቻቸው በሮማ ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት ከሆስፒታል ከወጡ 143 ሕሙማን መካከል 87.4 በመቶው፣ ሕመሙ ከጀመራቸው በአማካይ 60 ቀናት ካለፉ በኋላም ቢያንስ አንድ ምልክት እንዳልለቀቃቸው ተናግረዋል።

በመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ተናግረዋል» የሚለው ግሥ ልብ ሊባል ይገባል። በድኅረ ኮቪድ-19 ላይ የተከማቸው ዕውቀት በአብዛኛው የቆመው ሕሙማን ስለራሳቸው በሰጡት ቃል ላይ ነው። መናገር የሚችል፣ የትናንቱን ከዛሬው የሚያነጻጽርና «የደከመኝ ድካም እንደ ወትሮው ድካም አይደለም» ብሎ የሚያስረዳ ሕሙም ለትርጓሜው መሠረት ሆኗል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው።

ሥጋቱ ከየት ይመነጫል?

ዳውን ሲንድረምን እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግዶን ዳውን እ.ኤ.አ. በ1866 በጽሑፍ አስተዋወቁት። መንስኤው ተጨማሪ ሃያ አንደኛ ክሮሞዞም መሆኑን ደግሞ ዠሮም ለዠን፣ ማርት ጎቲዬና ባልደረባቸው በ1959 አሳወቁ። በሕይወት ከሚወለዱ ከ700 እስከ 1000 ከሚሆኑ ሕፃናት መካከል አንዱ ከዚህ ሁኔታ ጋር እንደሚወለድ ይገመታል። ግማሽ ያህሉ ከልብ አፈጣጠር ጉድለት ጋር ይወለዳሉ። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ የመስማትና የማየት ችግርም በብዛት ይታይባቸዋል።

ከቫይረስ ጋር በተያያዘ ግን ትልቁ ጉዳይ የሚገኘው በክሮሞዞሙ ላይ ነው። ሴሎች ቫይረስ ሲያጋጥማቸው ለጎረቤቶቻቸው ማስጠንቀቂያ የሚያስተላልፉት ኢንተርፌሮን በተባሉ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። ይህን መልእክት ከሚቀበሉት ስድስት ተቀባዮች የአራቱ ዘረ መል የሚገኘው በሃያ አንደኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ የሆአኪን ኤስፒኖሳ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች ሴሎች ውስጥ ቫይረስ በሌለበት ጊዜም እንኳ የኢንተርፌሮን ምላሽ ነቅቶ እንደሚገኝ አሳይቷል። በኒው ዮርክ የዱሻን ቦጉኖቪች ቡድን ደግሞ በ2022 የነገሩን ሌላ ገጽ ገለጠ። ከመጠን በላይ የጎላው የመጀመሪያ ምላሽ ገቺውን አሠራር እጅግ ስለሚያጠናክረው ሴሎቹ ለቀጣዩ የኢንተርፌሮን ጥሪ በአግባቡ መልስ መስጠት ያዳግታቸዋል። በዚህም የተነሣ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ነገሮች፣ ማለትም ከፍተኛ መቆጣትና ደካማ የቫይረስ ቁጥጥር፣ በአንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

ውጤቱ በሕዝብ ደረጃም ታይቷል። በእንግሊዝ ከ8 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎችን ያካተተውና በ2020 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ዕድሜንና ተጓዳኝ በሽታዎችን ከግምት ካስገባ በኋላ፣ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው አዋቂዎች በኮቪድ-19 ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ከሌላው 4 እጥፍ ያህል፣ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ 10 እጥፍ ያህል ከፍ ያለ መሆኑን አመልክቷል። በጥናቱ ከነበሩት 4053 ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች መካከል በክትትሉ ወቅት 68ቱ ሲሞቱ፣ የ27ቱ ሞት ምክንያት ኮቪድ-19 ነበር። በ2021 የታተመውና ከ1000 በላይ ሕሙማንን የያዘው ዓለም አቀፍ ጥናትም የሞት አደጋው ከ40 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በግልጽ እንደሚጨምር አስረድቷል።

ስለ ሞት ይህን ያህል ቁጥር ተሰብስቧል። ከሞት ተርፈው ስለቀሩት፣ ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ስላሉበት ሁኔታ የተጻፈው ግን በንጽጽር እጅግ ጥቂት ነው። በጥናት ረገድ ሞት ራሱን ያስቆጥራል፤ ድካም ግን ራሱን የሚያስቆጥረው የደከመው ሰው ሲናገር ወይም የሚናገርለት ሲኖር ብቻ ነው።

ተናጋሪን የሚሻ ትርጓሜ

«የአስተሳሰብ መታወክ» የሚለው ምልክት በአንድ መምህር ወይም በአንድ የባንክ ሠራተኛ ላይ በቀላሉ ይገለጣል። ስም ይጠፋዋል፣ ሒሳብ ይሳሳታል፣ ሰነድ አንብቦ መጨረስ ይሳነዋል፤ ይህንንም ራሱ ለሐኪሙ ይነግራል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት አዋቂ ግን ይህን ለውጥ በቃል ላይገልጸው ይችላል። ለውጡ የሚታየው በተግባሩ ነው። ራሱ ይለብስ የነበረው ልብሱን ይዞ ይቆማል። ውሃ ለመቅዳት ከእኅቱ ጋር ይሄድ የነበረው ከደጃፍ አይርቅም። ሃያ ቃል ይናገር የነበረው ወደ አምስት ይወርዳል። ከሰው ጋር መብላት ይወድ የነበረው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ቤተሰብ ይህን ሁሉ በአንድ ሐረግ ይጠቀልለዋል፤ «እንደ ድሮው አይደለም» ይላል። በአንዳንድ ቤት «ፈዘዘ»፣ «ዝም አለ»፣ «ከፋው» ሊባል ይችላል። እነዚህ ቃላት በየትኛውም የምልክት ቅጽ ላይ አይገኙም። ጥያቄው በሕሙሙ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ካልቀረበ፣ በማንቡክ ደግሞ ይህ ቋንቋ ጉሙዝኛ ሊሆን ይችላል፣ ቃሉ ከቤት ወደ ምርመራ ክፍል እስኪደርስ ድረስ ሁለት ጊዜ ይተረጎማል። በመጨረሻም በካርዱ ላይ «ድካም» ተብሎ ይሰፍራል ወይም ጭራሽ ሳይሰፍር ይቀራል።

በዚህ ረገድ ሰነዱን ለመተቸት ከራሱ ከድርጅቱ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት በየካቲት 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2023) ለሕፃናትና ለወጣቶች የተለየ ትርጓሜ አውጥቷል። በዚያ ሰነድ ውስጥ የኑሮ መሰናከል የሚለካው በአመጋገብ፣ በአካል እንቅስቃሴ፣ በጠባይ፣ በትምህርት ውጤት፣ ከጓደኛና ከቤተሰብ ጋር ባለ ግንኙነትና በእድገት ደረጃዎች ላይ በሚታይ ለውጥ ነው። እነዚህ ሁሉ በተመልካች ዓይን የሚታዩ ናቸው። ስለዚህ ድርጅቱ ለማይናገር ሕሙም የሚሆን ትርጓሜ እንዴት እንደሚጻፍ ያውቃል ማለት ነው። ይህን ዕውቀት የወሰነው ግን በዕድሜ ነው። የ35 ዓመት ጎልማሳ የሆነና በቃል ራሱን መግለጽ የሚያዳግተው ሰው በሁለቱ ሰነዶች መካከል ባለው ክፍተት ይወድቃል። ጎልማሳውን እንደ ሕፃን መቁጠር ተገቢ አይደለም፤ ተገቢው የምልከታውን ዘዴ ከዕድሜ አላቅቆ ለሚያስፈልገው ሁሉ ማዋል ነው።

«በሌላ በሽታ ሊብራራ የማይችል»

ሦስተኛው ምሰሶ በሳይንስ ረገድ አስፈላጊ ነው፤ ሌላ ምክንያት ሳይፈለግ ሁሉን ለአንድ ቫይረስ መስጠት ሕክምና አይባልም። ሆኖም ዳውን ሲንድረም ባለበት ሰው ላይ ይህ ምሰሶ ሳይታሰብ ወደ ግድግዳነት ይለወጣል። ለማንኛውም ምልክት ሁልጊዜ ዝግጁ የሆነ «ሌላ ምክንያት» አለና። ሰውዬው ቢደክም «ልቡ ነው»፣ ቢያንቀላፋ «ታይሮይዱ ነው»፣ ቢረሳ «ከዕድሜው ቀድሞ የመጣ የመርሳት በሽታ ነው»፣ ዝም ቢል ደግሞ «ተፈጥሮው ነው» ይባላል። በተለይ የመጨረሻው ምላሽ ምርመራን የሚያስቆም እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም። አዲስ ለውጥን በነባር ሁኔታ መሸፈን በሕክምና ሥነ ጽሑፍ የታወቀ ስሕተት ሲሆን፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች ለዘገየ ሕክምና ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ ነው።

የመርሳት በሽታን ምሳሌ መመልከቱ ይጠቅማል። የአልዛይመር በሽታ መለያ የሆነውን አሚሎይድ የሚያስገኘው ዘረ መል በሃያ አንደኛው ክሮሞዞም ላይ በመሆኑ፣ ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች አንጎል ውስጥ እስከ 40 ዓመት ዕድሜ የበሽታው ምልክት በሰፊው ይታያል። ነገር ግን የመርሳት በሽታ በዝግታ የሚመጣ ነው። በሳምንታት ውስጥ ክህሎቱን ያጣ የ22 ዓመት ወጣት በዚህ ሊብራራ አይችልም። በወጣትነት ዕድሜ በድንገት ንግግርን፣ እንቅስቃሴንና ራስን የመርዳት ችሎታን የሚያሳጣ የተለየ ሕመም መኖሩን የዘርፉ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በጋራ ስምምነት ዘርዝረዋል። መንስኤው ገና ያልተቋጨ ቢሆንም በአንዳንዶቹ ላይ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት መታወክ ድርሻ እንዳለው የሚጠቁሙ መረጃዎች አሉ፤ ለዚሁ በሚሰጥ ሕክምና የተሻላቸውም ታይተዋል። እንዲህ ያለው ሕሙም «ተፈጥሮው ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ከተመለሰ የሚያጣው ነገር ትልቅ ነው።

ያልተመዘገበ ትኩሳት

ከማንቡክ አንጻር ሲታይ ከሁሉ አስቸጋሪው የመጀመሪያው ምሰሶ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕሙም የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክትባቱም ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። በእነዚያ ዓመታት የመተከል ዞን በወረርሽኙ ላይ ሌላ መከራ ተደርቦበት ነበር። በዞኑ በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ብዙ ሺህ ነዋሪዎችም ከቀያቸው ተፈናቅለው ከፊሎቹ በአዊ ዞን ቻግኒ አቅራቢያ በመጠለያ ኖረዋል። ከቤቱ በሌሊት የወጣ ቤተሰብ ይዞ የሚወጣው ልጆቹን እንጂ የሕክምና ካርድ አይደለም።

እንዲህ ባለ ጊዜና ቦታ የያዘ ትኩሳት በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በወባ ነው፤ ይህም ተገቢ ጥርጣሬ ነው። የፈጣኑ የወባ ምርመራ ውጤት ነጻ ከሆነ በኋላ ግን ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ስም አያገኝም። ከሦስት ወር በኋላ «እንደ ድሮው አይደለም» የተባለ ሰው ሲመጣ፣ ትርጓሜው የሚጠይቀውን የቀድሞ ማስረጃ የሚያቀርብ የለም። ሰነዱ «በበቂ ምክንያት የተገመተ» ሕመምንም መቀበሉ በጎ ነው፤ ይሁን እንጂ ግምቱም ቢሆን ያን ጊዜ በቤት ውስጥ ሌሎች መታመማቸውን፣ ማሽተት ያቆመ ሰው መኖሩን፣ ሳሉ የቆየበትን ጊዜ የጠየቀና የጻፈ ባለሙያን ይፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2023) የኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ የአደጋ ጊዜ አዋጅ ማንሣቱ ይታወቃል። የጥያቄው ዕድሜ ግን በዚያ አላበቃም። ኢንፍሉዌንዛ፣ የሕፃናትን የመተንፈሻ አካል የሚያጠቃው አር.ኤስ.ቪ. የተባለው ቫይረስና ሄፓታይተስ ቢ ሁሉም ከትኩሳቱ ወይም ከመጀመሪያው ሕመም በኋላ ስላለው ጊዜ ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣሉ።

ከሄፓታይተስ ቢ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ቫይረስ ዳውን ሲንድረም ባለበት ሰው ላይ ስለሚተወው ዘላቂ ጉዳት ለማወቅ ኮቪድ-19 እስኪመጣ መጠበቅ አላስፈለገም ነበር። ባሩክ ብሉምበርግ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የአውስትራሊያ ጥንተ ነዋሪ ደም ውስጥ ባገኙት ያልታወቀ ፕሮቲን ላይ ምርምር ያካሂዱ ነበር። ፕሮቲኑ የደም ካንሰር ባለባቸው ላይ በብዛት መታየቱን ሲያዩ፣ ለዚህ ካንሰር ይበልጥ የተጋለጡትን ዳውን ሲንድረም ያለባቸውን ሰዎች መመርመር ጀመሩ። በትልልቅ የመኖሪያ ተቋማት ከነበሩት መካከል 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ፕሮቲኑ ተገኘባቸው። አዲስ በተወለዱት ላይ ግን አልተገኘም። ስለዚህ ነገሩ የተወለዱበት ሳይሆን የኖሩበት ነበር።

ቁልፉ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ቀደም ሲል ተመርምሮ ፕሮቲኑ ያልተገኘበት አንድ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሕሙም በድጋሚ ሲመረመር ተገኘበት። ተመራማሪዎቹ በዚህ ሰው ላይ ምን እንደተለወጠ ሲፈልጉ ጉበቱ በዝምታ መቆጣቱን አወቁ። ዓይኑ ቢጫ አልሆነም፤ ራሱም ስለ ሕመሙ የተናገረው አልነበረም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስን ለመለየት በር የከፈተው ይህ ግኝት ነው። ብሉምበርግ በ1976 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ፤ የመጀመሪያው ክትባትም በ1981 በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ቫይረሱን ከሰውነታቸው ለማስወገድ እንደሚቸገሩና ለዓመታት ተሸካሚ ሆነው እንደሚቀሩም ከዚያው ዘመን ጀምሮ ታወቀ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ግኝቱ የተገኘው ሕሙሙ ከሌሎች ሰዎች ጋር ስለተነጻጸረ አይደለም። ያው ሰው ከቀድሞው ራሱ ጋር በመነጻጸሩ ነው። የመጀመሪያው ውጤት ተጽፎ ባይቀመጥ ኖሮ ሁለተኛው ትርጉም አይኖረውም ነበር።

የታሪኩ ጥቁር ገጽም ሊዘነጋ አይገባም። በኒው ዮርክ ዊሎውብሩክ በተባለው ተቋም ከ1956 ጀምሮ ለአሥራ አራት ዓመታት ያህል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሕፃናት ለጥናት ሲባል ሆን ተብሎ በሄፓታይተስ ቫይረስ እንዲያዙ ተደርገዋል። ይህ ድርጊት ዛሬ በሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት የሚጠቀሰው ሊደገም የማይገባ ተብሎ ነው። ዓለም ስለ ሄፓታይተስ ካወቀው ብዙው የመጣው ከእነዚህ ሰዎች ደም ነው። ዛሬ ስለ ድኅረ ኮቪድ-19 በሚጻፉ ትርጓሜዎች ውስጥ ስፍራ ማጣታቸው ስለዚህ የሳይንስ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

ለኢትዮጵያ ደግሞ ጉዳዩ ታሪክ ብቻ አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ተካትቶ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ፣ ዛሬ ጎልማሳ የሆነና ዳውን ሲንድረም ያለበት ሰው በመደበኛው ፕሮግራም አልተከተበም ማለት ነው። በዝምታ የሚጎዳ ጉበት «እንደ ድሮው አይደለም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ሊታሰብ፣ ነጻ ሆኖ ለተገኘውም ክትባቱ ሊመከር ይገባል።

የተቃራኒው ስሕተት

እስካሁን የቀረበው ሒስ ወደ ሌላኛው ጽንፍ እንዳይወስድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሆላንድ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 395 ሕፃናት 9.9 በመቶው በአር.ኤስ.ቪ. ሳቢያ ሆስፒታል መተኛታቸውን፣ ከወንድሞቻቸውና ከእኅቶቻቸው ግን የተኙት 0.7 በመቶው ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል። ከዚህ በመነሣት በኋላ በእነዚህ ሕፃናት ላይ የሚታየው ተደጋጋሚ የደረት ማፏጨት የቫይረሱ ትራፊ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። ያው ቡድን በ2010 ጉዳዩን ሲመረምር ግን በዚህ ቫይረስ ሆስፒታል ያልተኙ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሕፃናትም ደረታቸው በብዛት እንደሚያፏጭ ተገነዘበ። ቫይረሱ ብቻውን ተጠያቂ አልነበረም።

ሁሉን ለዳውን ሲንድረም መስጠት አንድ ስሕተት ነው። ሁሉን ለቫይረስ መስጠት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። ሁለተኛው ስሕተት ሊድን የሚችልን የታይሮይድ መድከም፣ የአንገት አጥንት መንሸራተትን ወይም ድብርትን ያስረሳል። ከሁለቱም የሚያድነው መንገድ አንድ ነው፤ ከሕመሙ በፊት የነበረውን ማወቅ።

ምን ይደረግ?

ትርጓሜው እስኪሻሻል መጠበቅ ሳያስፈልግ በማንቡክም ሆነ በሌላ ወረዳ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ለእያንዳንዱ ዳውን ሲንድረም ላለበት ሰው በጤናው ጊዜ የሚሞላ አንድ ገጽ ማዘጋጀት በቂ መነሻ ይሆናል። በገጹ ላይ የሚሰፍሩት ነገሮች ውድ መሣሪያ አይሻቸውም። ስንት ቃል ይናገራል? ራሱ ይለብሳል? ራሱ ይበላል? ምን ያህል ይራመዳል? በቤት ውስጥ ሥራው ምንድን ነው? ሌሊት ያንኮራፋል? ክብደቱ፣ የልብ ምቱና በጣት ላይ በሚደረግ መለኪያ የሚታወቀው የኦክስጅን መጠኑ ስንት ነው? የልብ ጉድለት እንዳለበት ታውቋል? የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ተደርጎለታል? ክትባቶቹንስ ጨርሷል?

ገጹ የት ይቀመጥ ለሚለው መልሱ ቅርብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና አገልግሎትን እስከ ቤት ደጃፍ አድርሷል። ለቤት ለቤት ሥራው የሚያገለግለው የቤተሰብ ማኅደር አንድ ተጨማሪ ወረቀት አያንሰውም። ቤተሰቡ ቢፈናቀል እንኳ እንዳይጠፋ አንድ ቅጂ በእናት ወይም በተንከባካቢ እጅ መቆየቱ ይመከራል።

ማንኛውም ከበድ ያለ ትኩሳት ወይም የመተንፈሻ አካል ሕመም ካለፈ በኋላ በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር ያው ገጽ እንደገና ይሞላል። ጥያቄው የሚቀርበው ለሕሙሙ ራሱ፣ እርሱ በሚገባው ቋንቋና በሚችለው መጠን ሲሆን፣ ቀጥሎም አብሮት ለሚኖር ሰው ነው። ሕሙሙ ባለበት ስለ እርሱ እንደሌለ ሆኖ መነጋገር ከክብሩም፣ ከምርመራው ጥራትም የሚቀንስ ነው። ልዩነት ከታየ በቅደም ተከተል የሚታከሙት ምክንያቶች ይፈለጋሉ፤ የታይሮይድ ምርመራ፣ የደም ማነስ፣ የጆሮና የዓይን ምርመራ፣ የእንቅልፍ ሁኔታ፣ የልብና የሳንባ ምርመራ፣ የጉበት ምርመራ፣ የስሜት ሁኔታ ይታያሉ። አረማመዱ የተለወጠ፣ እጁ የዛለ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው የአንገት ነርቭ ተጫንቶበት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ መላክ አለበት። የኦክስጅን መጠኑ ከቀድሞው የወረደም እንዲሁ። ከማንቡክ ወደ ፓዊ ጠቅላላ ሆስፒታል የሚላክ ሕሙም ያን አንድ ገጽ ይዞ ቢሄድ፣ የሚቀበለው ሐኪም «ተፈጥሮው ነው» ለማለት አይቸኩልም። የቀድሞው ተፈጥሮው በእጁ ይገኛልና።

በባለሙያ ላይ ሥራ መጨመሩ አይካድም። ሆኖም በአንድ ቀበሌ የሚገኙ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ጥቂት ነው። ገጹን በዓመት አንድ ጊዜ ለመሙላት የሚወስደው ጊዜም ያለ መነሻ መረጃ የመጣን ሕሙም ከቦታ ቦታ በማመላለስ ከሚባክነው ጊዜ አይበልጥም።

ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት የድኅረ ኮቪድ-19 ትርጓሜ ብዙዎች ያልተሰሙ ሕሙማንን አሰምቷል። ጉድለቱ ያልተሰሙትን ሁሉ ተናጋሪዎች አድርጎ መገመቱ ነው። መናገርን እንደ ቅድመ ሁኔታ፣ «ሌላ ምክንያት» አለመኖርን እንደ መለኪያ፣ የተመዘገበ ሕመምን እንደ መግቢያ በር ሲያስቀምጥ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው አዋቂዎች ከሦስቱም ውጭ ይቀራሉ። ከዚያም በመዝገብ ላይ አለመታየታቸው ያለመታመማቸው ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

ሰነዱ ወደፊት ሲከለስ ለሕፃናት የተፈቀደው የምልከታ ዘዴ በቃል ራሳቸውን መግለጽ ለሚያዳግታቸው አዋቂዎችም እንዲሠራ፣ የተንከባካቢ ምስክርነትም እንደ ሙሉ ማስረጃ እንዲቆጠር ማድረግ ይገባል። እስከዚያው ድረስ በጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ፊት «እንደ ድሮው አይደለም» የሚል ቃል ሲሰማ ቀጣዩ ጥያቄ «ድሮ እንዴት ነበር?» የሚል ሊሆን ይገባዋል፤ መልሱም ተጽፎ የሚጠብቅ መሆን አለበት።